የካይሮ ፈርዖኖች፦ ሙሚዎቹ የት ናቸው? ገብታችሁስ ምን ታያላችሁ?

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

ሰላም ቤተሰብ። «ካይሮ ላይ ፈርዖኖቹን የት ነው የማያቸው?» የሚል ጥያቄ እዚህ በየጊዜው ይነሳል፤ መልሱም በየክሩ ተበታትኖ ይቀራል። በቅርቡ አይቻቸው ስለመጣሁ አንድ ቦታ ላሰባስበው።

መጀመሪያ ቦታውን እንለይ። ካይሮ ውስጥ ስማቸው የገነነ ሦስት ሙዚየሞች አሉ፤ ታህሪር አደባባይ ያለው አሮጌው፣ ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2025 በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም፣ እና ፉስጣጥ የሚገኘው ብሔራዊ የግብፅ ሥልጣኔ ሙዚየም። የነገሥታቱ ሙሚዎች፣ ማለትም እንዳይበሰብሱ ተደርገው የደረቁት አስከሬኖቻቸው፣ ያሉት ፉስጣጥ ነው። የቱታንክሃሙንን ወርቅ የምትፈልጉ ጊዛ ሂዱ። የቱታንክሃሙን አስከሬን ግን ካይሮም የለም፤ ሉክሶር፣ የነገሥታት ሸለቆ፣ እዚያው መቃብሩ ውስጥ ነው።

ወደ ፉስጣጥ የተዛወሩት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2021 ነው። 18 ነገሥታትና 4 ንግሥታት፣ በድምሩ 22፣ እያንዳንዳቸው ናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ ሆነው፣ የጥንት ጀልባ እንዲመስሉ ባጌጡ መኪኖች ተጭነው፣ በየዘመናቸው ተራ ከታህሪር ወጡ። ከፊት ሴቂኔንሬ ታዖ፣ ከመጨረሻ ራምሴስ 9ኛ። ሲደርሱ 21 ጊዜ መድፍ ተተኮሰላቸው። ብዙዎቻችሁ ያን ምሽት በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ከ22ቱ 20ዎቹ ለሕዝብ ይታያሉ።

አዳራሹ ከዋናው ኤግዚቢሽን በታች ነው። መተላለፊያው ቁልቁል ይወስዳል፤ ግድግዳው ጥቁር፣ መብራቱ ደብዛዛ፤ የነገሥታት ሸለቆን መቃብሮች እንዲያስታውስ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ይሄ ክልከላ ትክክል ነው እላለሁ፤ ስልኩ ቦርሳ ሲገባ ሰው በዓይኑ ያያል።

ብዙ ጎብኚ ራምሴስን ፍለጋ የመጀመሪያዎቹን እየዘለለ ያልፋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። በር ላይ ካለው ከሴቂኔንሬ ጀምሩ። ሰሜን ግብፅን ይገዙ ከነበሩት ሂክሶሶች ጋር የተዋጋ የቴቤስ (የዛሬዋ ሉክሶር) ንጉሥ ነው። ግንባሩ ላይ በመጥረቢያ የተሰነጠቀበት ቦታ እስከ ዛሬ አፉን እንደከፈተ ነው። ፊቱ ላይ ሌሎች ቁስሎችም አሉ፤ ጥርሶቹ ይታያሉ፤ የእጆቹ ጣቶች እንደተኮማተሩ ደርቀዋል። የራዲዮሎጂ ሐኪሟ ሳሃር ሳሊምና የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ዛሂ ሐዋስ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት የሲቲ ስካን ጥናት፣ ሰውየው ተማርኮ እጁ የፊጥኝ ታስሮ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች እንደተገደለ ገምተዋል። ዕድሜው ወደ 40 ገደማ ነበር። ገናዦቹ ቁስሎቹን በሚለጠፍ ነገር ለመሸፈን ሞክረዋል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። የሞተበትን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች፣ ለቤተሰቡ ሲሉ ይሁን ለንጉሥነቱ ሲሉ፣ ፊቱን ለማስተካከል ደክመዋል።

ራምሴስ 2ኛ ደግሞ ሽማግሌ ነው። 66 ዓመት ነግሦ ወደ 90 ዓመቱ ሲጠጋ የሞተ። በየሐውልቱ እንደ ተራራ የገዘፈውን ሰውዬ እዚህ ስታዩት ቀጭን አንገት፣ ትልልቅ ጆሮ፣ ከጎንና ከጎን የቀረ ስስ ጸጉር። የጸጉሩ ቢጫ ቀይ ቀለም ሂና ነው ይላሉ ያጠኑት። አፍንጫው ሳይጨፈለቅ ቀጥ ብሎ የቆየው ገናዦቹ ቁንዶ በርበሬ ስለከተቱበት ነው፤ በኤክስሬይ ታይቷል። ያን ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ አገር የሚመጣ ውድ ነገር ነበር።

ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁኝ። ያያችሁም ጨምሩበት።

ነርስ_ሪያድ፦

እህቴ፣ በጣም ነው የማመሰግንሽ። በሚቀጥለው ዕረፍቴ በካይሮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ እያሰብኩ ነው። በሥራዬ ሬሳ ማጠብና ማሰናዳት አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አልፈራም። ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ገላው በስንት ሰዓት ምን እንደሚሆን በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ከ3,000 ዓመት በላይ ጸጉርና ጥፍር ሳይቀር እንዴት አቆዩት? ክፍሉ ውስጥስ ሽታ አለ?

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

ሽታ የለም። ሁሉም በታሸገ መስተዋት ውስጥ ናቸው፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ቁጥጥር ይደረግበታል። አሠራሩን ለመምህራችን ልተወው፤ እሳቸው ከኔ ይሻላሉ።

የታሪክ_መምህር፦

ነርስ ሪያድ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው፤ ለባለሙያም የሚመች ጥያቄ ነው።

ሥራው በጠቅላላው 70 ቀን ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ወደ 40 የሚሆነው ገላውን ማድረቂያ ነው። አንጎሉን በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ያወጡታል። ከዚያ ከሆዱ ግራ ጎን ላይ ቀደው ሳንባ፣ ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት ያወጣሉ፤ እነዚህ ለየብቻ ደርቀው በየማሰሯቸው ይቀመጣሉ። ልብን ግን ቦታው ላይ ይተዋሉ። አሳብም ጠባይም ከልብ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በወዲያኛው ዓለም በሚዛን የሚመዘነው እሱ ነው።

ቀጥሎ ገላውን ናትሮን በሚባል የተፈጥሮ ጨው ይሸፍኑታል። ጨው ውኃውን ሲመጠው፣ ስቡንም ሲበላው፣ አበስባሽ ተሕዋስያን የሚኖሩበት እርጥበት ያጣሉ። ምሥጢሩ እዚህ ነው። ከዚያ በዘይትና በሙጫ ይቀባል፣ በበፍታ ይጠቀለላል።

ናትሮኑ በዋናነት ይመጣ የነበረው ከካይሮ ሰሜን ምዕራብ ካለው ዋዲ ናትሩን ነው። ይህን ቦታ የኛ ሰው በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ የአባ መቃርስ ገዳም ያለበት ገዳመ አስቄጥስ ማለት ነው። የፈርዖኖች ገላ የደረቀበት ጨው የወጣበት ሸለቆ ከ1,500 ዓመት ገደማ በኋላ የመነኮሳት አገር ሆነ።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 50ንም መለስ ብላችሁ አንብቡ። ዮሴፍ ባለ መድኃኒቶቹን አዝዞ አባቱን ያዕቆብን በሽቱ አሳሽቶታል፤ 40 ቀን እንደፈጀ፣ ግብፃውያንም 70 ቀን እንዳለቀሱለት ተጽፏል። ሁለቱን ቁጥሮች ከላይ ካልኩት ጋር አስተያዩ።

ስለ ሙጫውና ዘይቱ ደግሞ አዲስ ነገር አለ። ሳቃራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የገናዦች መሥሪያ ቤት ከነማሰሮዎቹ ተገኝቶ ነበር። ማሰሮዎቹ ላይ የየይዘታቸው ስምና አጠቃቀማቸው ተጽፎባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ውስጣቸው የቀረው ቅሪት ሲመረመር ከሜዲትራንያን አካባቢ የመጣ የዛፍ ዘይትና ሙጫ፣ ከዚያም አልፎ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የመጣ ሙጫ ተገኘ። መሥሪያ ቤቱ ከራምሴስ በኋላ የነበረ ነው፤ ቢሆንም የገናዦቹ ንግድ ምን ያህል ርቆ ይሄድ እንደነበር ያሳያል።

ነርስ_ሪያድ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የያዕቆብን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤ 40ውን ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ጨርቁን ሳይፈቱ ውስጡን እንዴት እንደሚያዩ ግን አልገባኝም። ሆስፒታል ባለው ዓይነት ሲቲ ስካን ነው?

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

አዎ፣ ሕመምተኛ የሚነሳበት ዓይነት ሲቲ ስካን ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌው አሜንሆቴፕ 1ኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ ፊቱን ከማታዩአቸው አንዱ ነው፤ የፊት ጭምብሉና ከላዩ ላይ የተደረደረው የአበባ ጉንጉን ሲያምር፣ ያን ላለማበላሸት በዘመናችን ማንም ሳይፈታው ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣው ምርመራ ጨርቁን ሳይነካ ውስጡን አሳየ። ሲሞት ዕድሜው 35 ገደማ፣ ቁመቱ ወደ 169 ሴንቲ ሜትር፣ ጥርሱ ጤነኛ፣ በጥቅልሉ ውስጥ ደግሞ 30 ክታቦች። ምን እንደገደለው የሚያሳይ ምልክት አልተገኘበትም።

አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ራምሴስ 3ኛ ጋ ብትቆሚ ብዙ ታያለሽ። አንገቱ በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ማንም አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሲቲ ስካን ሲታይ ጉሮሮው እስከ አጥንት ድረስ ተቆርጧል። ቁስሉ ውስጥ ገናዦቹ የሆረስ ዓይን የሚባለውን ክታብ ከተውበታል፤ በወዲያኛው ዓለም እንዲድንለት ነው። ከሚስቶቹ አንዷ ልጇን ለማንገሥ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር እንዳሤረች የሚናገር የፍርድ መዝገብ በፓፒረስ ተጽፎ ከድሮም ይታወቅ ነበር። ሤራው መሳካት አለመሳካቱ ነበር የሚያከራክረው። መልሱ ከጨርቁ ሥር ተቀምጦ ኖሯል።

ራምሴስ 5ኛም አለ፤ ፊቱ ላይ ያለው ሽፍታ የፈንጣጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ሲፕታህ ደግሞ ወጣት ነው፣ ግራ እግሩ ቆልማማ። እነዚህን ሳይ «ፈርዖን» የሚለው ስም የሚያስፈራውን ያህል ሰዎቹ አላስፈሩኝም። ታመዋል፣ አርጅተዋል፣ ተከድተዋል።

ሥርዓተ_ቀብር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልሄድም፤ ሌላ ሰውም እንዲሄድ አልመክርም። የሞተ ሰው አፈር ይገባዋል። አባቶቻችን ሬሳ ገንዘው፣ ፍትሐት አድርሰው፣ ቀብረው ተዝካሩን ያወጣሉ እንጂ በመስተዋት ውስጥ አስቀምጠው ትኬት አይቆርጡበትም። ንጉሥም ይሁን ድኻ፣ ከሞተ በኋላ ራቁቱን ለቱሪስት መታየት ነውር ነው። እህቴ፣ አንቺን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገሩ ግን አይዋጥልኝም።

ጣና_ዳር፦

ወንድም ሥርዓተ ቀብር፣ አሳብህን አከብራለሁ። ግን የኛንም አገር ረሳኸው። ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ እነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና አፄ ፋሲል አስከሬናቸው በዕቃ ቤቱ በመስተዋት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ነው። እዚያው ሰፈር ተወልጄ ስላደግኩ ገብቼ አይቻለሁ። ይምርሐነ ክርስቶስም ብትሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዋሻው ውስጥ የብዙ ሰው አስከሬን ተደራርቦ ይታያል፤ ቆዳቸው ሳይቀር የደረቁ አሉ። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ያማትባል፣ ያልፋል።

ልዩነቱ ምን ይመስለኛል፣ ዳጋ ላይ የሚያሳዩህ መነኩሴ ጫማህን አስወልቀው፣ ስሙን ነግረው፣ ጸሎት ደርሰው ነው። ሙዚየም ውስጥ ያ ይኖራል ወይ? እሱን ለእህታችን ልጠይቅ።

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

ጣና ዳር፣ ዳጋ እስጢፋኖስን ማየት ለኔ አልተፈቀደም፤ ሴት አይገባበትም። ስለዚህ የኛን ነገሥታት ሳላይ የግብፅን አይቻለሁ፣ ማወዳደር አልችልም። ስለ ፉስጣጥ ግን ልንገራችሁ። ጸሎት የለም። ጸጥታ ግን አለ። ገላቸው በበፍታ ተሸፍኗል፤ የሚታየው ፊት፣ እጅና እግር ነው፣ ራቁታቸውን አይደሉም። እያንዳንዳቸው ስማቸውና ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል።

ወንድሜ ሥርዓተ ቀብር ያነሳኸውን ግብፃውያንም ተከራክረውበታል። ፕሬዚዳንት ሳዳት እ.ኤ.አ. በ1980 ነገሥታት ለትርዒት አይቀመጡም ብለው ታህሪር የነበረውን የሙሚዎች ክፍል አዘግተውት ነበር። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ ያውም በሌላ አቀማመጥ። እኔ ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ስጠየቅ ወደ መክፈቱ አደላለሁ። ሰዎቹ ራሳቸው የፈለጉት ገላቸው እንዲቆይና ስማቸው እንዲጠራ ነው፤ ስሙ የሚጠራ ሰው አልሞተም ብለው ያምኑ ነበር። ብንቀብራቸው ለኛ እንጂ ለነሱ ሥርዓት አናደርግም።

የታሪክ_መምህር፦

አንድ ነገር ልጨምር። «አፈር ይገባቸዋል» ለሚለው፣ ተቀብረው ነበር። አፈሩ ነው ያላስቀመጣቸው። በራምሴስ 9ኛ ዘመን የመቃብር ሌቦች ተይዘው ሲመረመሩ የሰጡት ቃል ተጽፎ ቆይቷል፤ ወርቁን ለመውሰድ አስከሬኑን እስከ ማቃጠል ደርሰዋል። ኋላ ላይ በ21ኛው ሥርወ መንግሥት የነበሩ ካህናት የተዘረፉትን ነገሥታት ሰበሰቡ፤ የተቀደደውን ጨርቅ እንደገና ጠቀለሉ፤ በቀለም ስማቸውንና ቀኑን በበፍታው ላይ ጻፉ፤ ሉክሶር ባለው ደይር ኤል ባህሪ አጠገብ ገደል ሥር ባለ ጉድጓድ መቃብር ውስጥ አንድ ላይ ደበቋቸው። ዛሬ ይሄ ራምሴስ፣ ያኛው ሴቲ ብለን የምንለየው በነዚያ ካህናት ጽሕፈት ነው።

መደበቂያው ከ2,800 ዓመት በላይ ቆየ። በ19ኛው ምዕት ዓመት የአብድ ኤል ረሱል ቤተሰብ አገኙትና ዕቃውን ጥቂት በጥቂት እያወጡ መሸጥ ጀመሩ። ገበያው ላይ የንጉሣውያን ስም ያለበት ዕቃ ሲበዛ የቅርስ ኃላፊው ጋስቶን ማስፔሮ ጠረጠረ፤ ወንድማማቾቹ ተያዙ፣ ተገረፉ፣ በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዱ ቦታውን አሳየ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1881 የማስፔሮ ረዳት ኤሚል ብሩግሽ በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉንም አስወጣ። በእንፋሎት ጀልባ ተጭነው ወደ ካይሮ ሲወርዱ የየመንደሩ ሰው በዓባይ ዳር ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ነጭተው ሙሾ አወረዱ፣ ወንዶቹ ጥይት ተኮሱ፤ የገዛ ዘመድ እንደሞተ።

ሥርዓተ_ቀብር፦

መምህር፣ ይሄን አላውቅም ነበር። የሴቶቹ ነገር ልቤን ነክቶታል። ያለቀሰላቸው ሰው ከነበረ ሬሳዎቹ ባለቤት አላቸው ማለት ነው። አሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም፣ ግን ግብፃውያን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ነገሥታታቸው ላይ ወስነው ያደረጉት ከሆነ የኔ ድርሻ አይደለም።

እኔን የሚያቃጥለኝ የኛው ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዊንድዘር ተቀብሮ፣ አጥንቱ ለአገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተ መንግሥቱ እንቢ አለ፤ የሌሎቹን አጥንት ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብለው። የሞተ ሰው አገሩ መግባት አለበት። ከዚያ እንዴት ይቀመጥ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

አትላንታ_ሐበሻ፦

ሥርዓተ ቀብር ያነሳው ነገር እኛ ከተማም ታሪክ አለው። አንድ ያልታወቀ ሙሚ በ19ኛው ምዕት ዓመት ተገዝቶ ወደ ናያጋራ ፏፏቴ ሙዚየም መጥቶ፣ እዚያ ከ100 ዓመት በላይ ሲቀመጥ ማንነቱን ማንም አያውቅም። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረው መቀመጣቸው ንጉሣዊ ነው ያሰኘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የአትላንታው ማይክል ካርሎስ ሙዚየም ስብስቡን ሲገዛ በስካንና በሌላም ምርመራ ራምሴስ 1ኛ ሳይሆን አይቀርም የሚል ድምዳሜ ላይ ተደረሰ፤ የራምሴስ 2ኛ አያት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ገንዘብ ሳይጠይቁ ለግብፅ መለሱት። አሁን ሉክሶር ሙዚየም ነው። እዚህ የቆዩ አበሾች ከመሄዱ በፊት አይተውት እንደነበር ያወራሉ።

ወሎዬው፦

አሰላሙ ዐለይኩም። ዋናውን ጥያቄ ማንም አላነሳውም፤ የነቢዩ ሙሳ ፈርዖን ከነዚህ ውስጥ የቱ ነው? በሱረቱ ዩኑስ አንቀጽ 92 ላይ አላህ የፈርዖንን በድን ከኋላው ለሚመጡ ሰዎች ምልክት ይሆን ዘንድ እንደሚያተርፈው ተነግሯል። አንድ ቪዲዮ ደግሞ ሜሬንፕታህ ገላው ላይ የባሕር ጨው ተገኝቷል፣ ስለዚህ የሰጠመው እሱ ነው ይላል። እውነት ነው?

የታሪክ_መምህር፦

ወዐለይኩም ሰላም ወንድሜ። ያነሳኸው በሁላችንም ቤት የሚጠየቅ ነገር ነው።

ኦሪት ዘጸአትም ቁርኣንም «ፈርዖን» ይላሉ እንጂ የንግሥና ስሙን አይነግሩንም። እስራኤላውያን ፊቶምንና ራምሴን እንደሠሩ ስለተጻፈ፣ በዚያ ስም ዋና ከተማ ያስገነባው ደግሞ ራምሴስ 2ኛ ስለሆነ ብዙዎች ጣታቸውን ወደ እሱ ወይም ወደ ልጁ ወደ ሜሬንፕታህ ይቀስራሉ። በሜሬንፕታህ 5ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1208 ገደማ በተቀረጸው የድል ድንጋይ ላይ ግን «እስራኤል» የሚለው ስም በከነዓን ምድር ካሉት ጋር ተጠቅሷል። ስለዚህ በሱ ዘመን ሕዝቡ እዚያ ደርሶ ነበር የሚሉ አሉ። ዘመኑን ወደ ኋላ የሚወስዱት ደግሞ ቱትሞስ 3ኛን ወይም አሜንሆቴፕ 2ኛን ይጠራሉ። ምሁራን በአንድ ስም አልተስማሙም።

ጨውን በተመለከተ ከላይ እንዳልኩት ሁሉም ሙሚዎች በናትሮን ጨው የደረቁ ናቸው። ጨው ማግኘት የመስጠም ማስረጃ አይሆንም። ሜሬንፕታህ ራሱ ጸጉሩ ያለቀ፣ የደም ሥሩ የደደረ፣ መገጣጠሚያው የታመመ አዛውንት ሆኖ ነው የምታየው። የእምነቱን ቃል በዚህ ለማጽናት መሞከር አያስፈልገውም፤ ቃሉ በራሱ ይቆማል።

ወሎዬው፦

ጀዛከላህ መምህር። በዚህ መልክ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

መረጃ_ፈላጊ፦

የራምሴስ ፓስፖርት ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሲዞር አያለሁ፤ «ሥራ፦ ንጉሥ፣ ሟች» የሚል። እውነት ፓስፖርት አውጥተውለት ነው?

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

ሥዕሉ በቅርብ ዓመታት ለአንድ ድረ ገጽ የተሠራ ምስል ነው፤ የድሮ ሰነድ አይደለም። ጉዞው ግን እውነት ነው። ሻጋታ እየበላው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕክምና ወደ ፓሪስ ተወሰደ፤ ለ ቡርዤ አየር ማረፊያ ሲያርፍ በወታደራዊ ሰልፍ ነው የተቀበሉት። ሻጋታውን በጋማ ጨረር ገድለው በ1977 መለሱት። ፈረንሳዮቹ ያጠኑት ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ጸጉሩና ስለ አፍንጫው የጻፍኩት ብዙው የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

አዱሊስ፦

ሃትሼፕሱትን ማንም ሳያነሳት ክሩ ሊዘጋ ነው እንዴ? ለኛ ለቀይ ባሕር ሰዎች እሷ ትቀርበናለች። ፑንት ወደሚባለው የጥንት አገር መርከቦች ልካ ከርቤ ከነዛፉ ሥሩ በቅርጫት ያስመጣች፣ ዕጣን፣ ወርቅ፣ ዝንጀሮ ያስመጣች ንጉሥ ናት። ሥዕሉ ደይር ኤል ባህሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ዓሣው ሳይቀር አለ፤ ዓሦቹ የቀይ ባሕር ዓሦች ናቸው። ፑንት የት ነው የሚለው ገና ያከራክራል፤ ነገር ግን በግብፅ በሙሚ መልክ የተቀበሩ ዝንጀሮዎች ዘረ መል ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ጥናት ከዛሬዋ ኤርትራ የባሕር ዳርቻ፣ ከአዱሊስ አካባቢ ዝንጀሮዎች ጋር ነው የተቀራረበው። ዝንጀሮዎቹ ከሷ ዘመን በጣም ቢዘገዩም ንግዱ በዚያ መስመር መቀጠሉን ያሳያል።

እህቴ ዓባይ ተሻጋሪ፣ እሷ አዳራሹ ውስጥ አለች?

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

አለች። ማንነቷ የተለየበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። ስሟ የተጻፈበት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከጉበት ጋር አንድ የመንጋጋ ጥርስ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በስካን ሲታይ ከንጉሣውያን መቃብር ውጭ፣ በአንዲት ሞግዚት መቃብር ተጥላ በተገኘች ሴት አፍ ውስጥ ካለው ክፍተት ጋር ገጠመ ተባለ። ሁሉም ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ጽሑፉ ላይ ግን ሃትሼፕሱት ተብላ ነው የተቀመጠችው። ስታያት በዕድሜ የገፋች፣ ወፍራም ሴት ናት፤ የስኳር በሽታም ሳይኖራት እንዳልቀረ ሐኪሞቹ ይገምታሉ።

ንግሥት ቲዪንም እንዳትዘልሏት። የቱታንክሃሙን አያት መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2010 በዘረ መል ምርመራ ተረጋግጧል። ረጅም ቡናማ ጸጉሯ እስከ ትከሻዋ ወርዶ ዛሬም ያምራል። በልጅ ልጇ መቃብር ውስጥ ከጸጉሯ ቆንጥሮ የያዘ ትንሽ ሣጥን ተገኝቷል።

ነርስ_ሪያድ፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ እህቴ። ከአየር ማረፊያ ወጥቼ የምቆየው ከጠዋት እስከ ማታ ነው። የ9 ዓመት ልጄም ከእኔ ጋር ናት። ታስፈራት ይሆን? ደግሞ እግረ መንገዴን ቤተ ክርስቲያን መሳለም እፈልጋለሁ።

ዓባይ_ተሻጋሪ፦

ልጅሽን አስቀድመሽ አጫውቻት፤ ፎቶዎቻቸው በኢንተርኔት አሉ፣ የሴቂኔንሬንም ጭምር። ፎቶውን አይታ ካልፈለገች ዋናው አዳራሽ ከላይ አለ፤ ከድንጋይ ዘመን እስከ ዘመናችን ያለውን የግብፅ ታሪክ በአንድ ሰፊ ክፍል ያሳያል፣ አንዱ ዘመድ ከእሷ ጋር እዚያ ይቆይ። ከፈለገች ግን ሴቂኔንሬን ከሩቅ አሳልፊያትና ቲዪ ጋ ውሰጃት።

ሙዚየሙ ለአሮጌው ካይሮ ቅርብ ነው። ጠዋት በሜትሮ መስመር 1 ማር ጊርጊስ ወርደሽ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ትሳለሚያለሽ፤ ሙዓለቃ የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ትንሽ ገባ ብሎ ደግሞ ቅድስት ቤተሰብ በስደታቸው ያረፉበት ነው የሚባለው አቡ ሰርጋ። ከዚያ በታክሲ ወደ ሙዚየሙ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለሹፌሩ «መትሐፍ ኤል ሐዳራ፣ ፉስጣጥ» በይው፤ ሙዚየም ብቻ ካልሽው ታህሪር ሊወስድሽ ይችላል። የመግቢያ ሰዓቱን ከመሄድሽ በፊት በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ እይው፣ በበዓላት ይቀያየራል። ስትመለሺ እዚሁ ጻፊልን።